ትርፍ ሰው ይጫናል ወይ?

ከሉማሜ ወደ ማርቆስ ዶሮዬን ታቅፌ በሚኒባስ ስሄድ፣ አጠገቤ ያለ ገበሬ በወንበሮቹ መኻል ጀሪካን ላይ ከተቀመጡ ቄስ ጋር ያወራል።

«አባ፣ የፓርላማው የትራንስፖርት ኮሚቴ ትናንት መናኸሪያ መጥቶ ‹ትርፍ ሰው ይጫናል ወይ?› ብሎ ጠየቀን።»

«ምን አልህ?»

«‹ኧረ በጭራሽ!› አልሁ።»

«ለምን ዋሸህ?»

«ትርፉ እኔው ነበርኋ! ቢያወርዱኝ የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ሊያልፍብኝ!»

«እንዲህ እየዋሻችሁ መንግሥት ችግራችሁን በምን ይወቅ?»

«እንግዲያ ዛሬ እርስዎ ይንገሯቸዋ። ያውና፣ ኬላው ላይ ቆመዋል።»

ሹፌሩም አይቷቸው ኖሮ፣ «ትርፍ የሆናችሁ ዝቅ በሉ!» ብሎ ጮኸ።

ቄሱ ጥምጣማቸውን አውልቀው ከጀሪካኑ ወረዱና ወለሉ ላይ ኩርምት አሉ።

«ምነው፣ አባ?»

«ዝም በል፣ ልጄ! ተዝካሩ ያለ እኔ አይባረክም።»

እኔም ዶሮዬ እንዳትጮህ አፏን ግጥም አድርጌ ያዝሁ።