ጋሼ ሰይድ ዝም ያሉ ቀን

አጎቴ ጋሼ ሰይድ ወሬ አያልቅባቸውም። ሳንባቸውን እያደር እንደ ቁርበት የሚያደርቅ፣ ብዙ ሰው የማይዝ በሽታ አለባቸው፤ በዚያ ላይ ካንሰር መጣባቸው። ሐኪሟ የካንሰሩን መድኃኒት ስታስጀምራቸው፣ «ሳንባዎን ሊያስቆጣው ይችላል፤ አዲስ ሳል ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ» አለችን።

አንድ ቀን ሸዋ ሮቢት እኔ ቤት ምሳ ቀርቦ ዝም አሉ። ምን ሆኑ ብላቸው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። በልባቸው አላህን እያወሱ ዚክር ላይ ናቸው ብዬ ተውኳቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ግን ከማዕዱ ብድግ አሉ። «ይህ ሰው ተኝቶም ያወራል! መኪና ጥራ!»

ወደ ሐኪሟ ስንሄድ የጣርማ በርን ዳገት እንደወጣን ብርዱ ሲነካቸው ያፈኑት ሳል ፈነዳ። «መድኃኒቱን እንዳያቋርጡብኝ ብዬ ነው የደበቅሁት» አሉ እያለከለኩ። እትዬ ዘሃራ የባላቸውን እጅ ጨብጠው እስክንደርስ ይቆጧቸው ነበር።

ሐኪሟ መርምራ፣ እውነትም ሳንባቸው ተቆጥቶ ስላገኘችው መድኃኒቱን አቁማ ማብረጃ ሰጠቻቸው። «በጊዜ ደረሳችሁ። ሳላቸውን ከደበቁ በምን አወቃችሁ?»

«ዝም አለ፣ ዶክተር» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጋሼ ሰይድ ኦክስጅኑ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «ምላስህ ይገልሃል ትይኝ አልነበር?» አሉ። «ይኸው አዳነኝ፤ አልሐምዱሊላህ!»