ውሻ ገደለ የተባለው አበባ

ሚኒባሱ ሰቆጣ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት እግሬ ሥር ያኖሩትን በጣሳ የተተከለ አበባ ከኋላችን ያሉ ጎልማሳ ሰው አዩት።

«እትዬ፣ ይኼ ኦርኪድ የሚሉት አይደለም? ቤትዎ ውሻ ካለ ይጣሉት፤ ይገድላል።»

«ልጄ ጠይቃ ነው ከአዲስ አበባ የላከችልኝ። ውሻ ቢበላው እንኳ አይመርዝም ብለዋታል።»

«የልጅ ነገር! የኔን ውሻ የገደለው ማን ሆነና? ማታ እንዲህ ያለውን አበባ ሲያሸት አየሁት፤ ጧት ደጃፌ ላይ ደርቆ አገኘሁት።»

«መቼ ነው? ባለፈው ክረምት?»

«አዎ።»

«ለጅብ የተመረዘ ሥጋ የተጣለ ለት?»

«በማግስቱ ነው የሞተው።»

«ውሻችሁን እሰሩ ተብሎ ተለፍፎ የለም?»

«ተለፍፏል።»

«አሰሩት ታዲያ?»

«ምን ነካዎት! ውሻ ታስሮ ቤት ይጠብቃል?»

«እሺ ጌታው፤ አበባውንስ ምን አደረጉት?»

«ነቅዬ እሳት ውስጥ ጨመርሁታ!»

«ደግ አደረጉ። አበባ መቼም አይሟገት።»

ጣሳውን ከእግሬ ሥር አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት።