የካፒቴን ሰብስቤ ማዕበል

ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ፣ የትርሲት የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ክፍል፤ ጡረተኛው ካፒቴን ሰብስቤ የቀድሞ መርከቡን አሳንሶ ሠርቷታል፣ ትርሲት ደግሞ ከሥሯ ባሕር እየሠራችላት ነው።

ሰብስቤ፦ ይሄን ነው ባሕር የምትዪኝ? ጃንጥላና የመዝናኛ ወንበር ብቻ ነው የቀረው። የሪል እስቴት መዋኛ ገንዳ!

ትርሲት፦ መዋኛ ገንዳ ሰማያዊ ነው የማደርገው፣ ካፒቴን። ይሄ አረንጓዴ ነው፤ ጠጋ ብለው ይዩት።

ሰብስቤ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ባሕር ላይ የኖረን ሰው ጠጋ ብለህ እይ ትይዋለሽ? አንቺ ለመሆኑ ከባቦጋያ ሌላ ውኃ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ትርሲት፦ ላንጋኖንም አይቻለሁ።

ሰብስቤ፦ በስመ አብ! ላንጋኖም ውኃ ሆኖ ተቆጠረ። ይሄን ሞገድ ከምንድን ነው የሠራሽው?

ትርሲት፦ ከሶፍት።

ሰብስቤ፦ ከምን?

ትርሲት፦ ከሶፍት። በኮላ ነክሬ በጣቴ እሸበሽበዋለሁ። ሲደርቅ ቀለም፣ ከዚያ ቫርኒሽ። አረፋው ጥጥ ነው።

ሰብስቤ፦ ቀይ ባሕርን በሽንት ቤት ወረቀት! እኔ ስምንት ወር ዓይኔን አጥፍቼ፣ እያንዳንዷን ገመድ በመርፌ አስሬ... አንቺ በሶፍት ጠቅልለሽ ታስረክቢኛለሽ።

ትርሲት፦ ሲያበራ ሶፍት የሚለው የለም። ምኑ ነው ያልተመቸዎት?

ሰብስቤ፦ ማዕበሉ የታለ? እስከ መርከቧ ጠርዝ የሚደርስ ማዕበል ሥሪ አልኩሽ እኮ! ኢድሪስን የበላው እሱ ነው። ነገ የመርከበኞች ማኅበራችን አዳራሽ ሲመረቅ እኅቱ ሐሊማ ከድሬዳዋ ትመጣለች። ይሄን ኩሬ አይታ ምን ትበለኝ?

ትርሲት፦ ኢድሪስ ማለት ያ ገመድ የፈታው መርከበኛ?

ሰብስቤ፦ አዎ። ማለዳ ወደቡ በመድፍ ሲደበደብ የመርከቧን ገመድ ፈትቶ ወደኛ ሲዘል እግሩ ስቶ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የነፍስ አድን ጀልባ እንዳላወርድለት ማዕበሉ ከለከለኝ። ለእኅቱም፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ሠላሳ ምናምን ዓመት ይሄንኑ ነው የነገርኩት። በይ አሁን ሶፍትሽን ከምሪ።

ትርሲት፦ ትናንት ሞክሬው ነበር። አልሆነልኝም።

ሰብስቤ፦ ድሮስ! ኮንዶሚኒየም የለመደ እጅ።

ትርሲት፦ እጄ አይደለም፣ መርከብዎ ናት እምቢ ያለችኝ። ማዕበል ከመሥራቴ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሆነ ባንዲራውን አያለሁ። የእርስዎ ባንዲራ ምሰሶው ላይ ተልፈስፍሶ ወርዷል።

ሰብስቤ፦ ጨርቅ ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን?

ትርሲት፦ እንደዚያ እንዲቀር በሙጫ አድርቀውታል። ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣውንም ጭስ እንደ ሻማ ቀጥ አድርገው አቁመውታል። ከዚህ ሥር ማዕበል ብሠራ ባሕር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይስቅብዎታል።

ሰብስቤ፦ ተሳስቼ ነው። እርጅና ነው።

ትርሲት፦ ጀልባዋ ላይ ያለችውን ጭረት እንኳ ያልረሱ ሰው፣ ነፋሱን ረሱት?

ሰብስቤ፦ አንቺ ማን ነሽና ነው የምትመረምሪኝ? ሶፍት ለጣፊ!

ትርሲት፦ ሶፍት ለጣፊ ነኝ። ስለዚህ ያዘዙኝን እሠራለሁ። እርስዎ ባንዲራውን ነቅለው እንደሚውለበለብ አድርገው ይለጥፉት፣ ጭሱንም ያጋድሙት፤ እኔ ማዕበሉን አስነሳለሁ። ይኸው ወረንጦ። ይንቀሉት።

ሰብስቤ፦ ወረንጦውን እዚያ አስቀምጪው።

ትርሲት፦ ምን ይጠብቃሉ? ያን ለታም እንዲህ ነው የቆሙት?

ሰብስቤ፦ አፍሽን ሰብስቢ! ሃያ ስድስት ሰው ተሸክሜ ነበር። መድፉ አናታችን ላይ ነው የሚያፏጨው። ጀልባ ላወርድ አንድ ደቂቃ ብቆይ ሁላችንም አልቀን ነበር!

ትርሲት፦ ይሄ እኮ ለሰው የሚነገር ምክንያት ነው። ለሐሊማ ለምን እንዲህ አላሏትም? ለምን ማዕበል ፈጠሩ?

ሰብስቤ፦ እንዲህ ካልኳት ቀጥላ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ።

ትርሲት፦ ምን ብላ?

ሰብስቤ፦ «ወንድሜ ሲሞት ምን አለ?» ብላ። ማዕበል ነበር ካልኳት አልሰማሁም ማለት እችላለሁ። ውኃው ፀጥ ብሎ ነበር፣ ትርሲት... መድፉ ጋብ ባለ ቁጥር ስሜን ሲጠራ እሰማው ነበር።