የምስክሩ ስም

(ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ጫማ ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምሰው ሰኞ የዲጂታል ማርኬቲንግ ፈተና አለባቸው፤ የምታስጠናቸው ራሳቸው ሥራ ያስለመዷት ማኅደር ናት።)

ደምሰው፦ አላወርድም አልኩሽ! ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጁን ከድረ ገጹ ዜና ርዕስ ላይ አውርጄ የት ልግባ?

ማኅደር፦ ጋሼ፣ ጫማ ፈላጊ ጎግል ላይ «የሴት ጫማ አዲስ አበባ» ብሎ ነው የሚጽፈው። «ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጁ አስገነዘቡ» ብሎ የሚፈልግ ማን አለ?

ደምሰው፦ እሳቸው አሉ።

ማኅደር፦ እሳቸው ጫማ በነፃ ነው የሚወስዱት።

ደምሰው፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ይኸው ገጼ ዛሬ አሥራ አራት ጊዜ ተጎብኝቷል ይላል።

ማኅደር፦ አሥራ አንዱ እርስዎ ነዎት።

ደምሰው፦ መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ ነዋ! ጋዜጣ አንዴ ከታተመ ታተመ ነው። ይሄ ዞር ስል የሚጠፋ ይመስለኛል።

ማኅደር፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ።

ደምሰው፦ እኔ እኮ ጠምጥሜ ሃያ ሁለት ዓመት ቀድሻለሁ! አሁን ፊደል ቁጠር ልባል? … ፈርቻለሁ፣ ማኅደር። ሰኞ ብወድቅ መጋዘን ነው የሚወረውሩኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ሌላ ማን ይቀጥረኛል?

ማኅደር፦ አይወድቁም። በሉ፣ ዛሬ ሰው የበዛበትን ገጽ ራስዎ ያግኙልኝ። ሪፖርት የሚለውን ይጫኑ።

ደምሰው፦ ተጫነ። አንደኛ፣ የዋጋ ዝርዝር። ሁለተኛ፣ «ክፍት የሥራ ቦታ»። ምን ክፍት ቦታ አለን?

ማኅደር፦ እሱን ይለፉት።

ደምሰው፦ ራስዎ ያግኙ ብለሽ የለ? «የሕዝብ ግንኙነትና ዲጂታል ማርኬቲንግ ኃላፊ።» ይሄማ የኔ ወንበር ነው! ገና ሳልፈተን?

ማኅደር፦ ጠዋት ድረ ገጹ ላይ ጫኚው ተብዬ ነው። ለውስጥ ሠራተኛ ብቻ ነው የወጣው።

ደምሰው፦ ታዲያ ሰኞ የምፈተነው ለምንድን ነው?

ማኅደር፦ ፈተና ወድቆ ነው ከቦታው የተነሳው ለማለት።

ደምሰው፦ ካወቅሽ ስንት ቀን ሆነሽ?

ማኅደር፦ ሳምንት። ልንገርዎት እያልኩ አፌ ይያዛል።

ደምሰው፦ ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው። «አመልካች አንድ» ይላል። እንዴት ነው የሚከፈተው?

ማኅደር፦ ጋሼ፣ እባክዎን አይክፈቱት።

ደምሰው፦ ተከፈተ። … አንቺ ነሽ።

ማኅደር፦ ካላመለከትሽ ውልሽ አይታደስም አሉኝ! ሁለት ልጅ ይዤ የት ልድረስ? እርስዎ ብቻ የታሰሩ ይመስልዎታል?

ደምሰው፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። እታች «ስለ ችሎታዎ የሚመሰክር የቅርብ ኃላፊ» ይላል። የማንን ስም ነው የጻፍሽው?

ማኅደር፦ … የእርስዎን። ሌላ አለቃ ኖሮኝ ያውቃል?

ደምሰው፦ በይ ወንበርሽን አስጠጊና ከሀ ጀምረሽ በደንብ አስተምሪኝ። ሰኞ እኔ ብቻ አይደለሁም የምፈተነው፤ ስለ አንቺም የሚጠይቁት እኔን ነው፤ የወደቀ ምስክር ደግሞ ማን ይሰማዋል?