ለመርዶ የከፈትኩት ዘፈን

ሰው በሐፍረት የሚሞት ቢሆን ኖሮ እኔ ያን ዕለት መሪ እንደያዝኩ በቀረሁ ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘውዴ እናታቸው ጎንደር አርፈውባቸዋል። በኮሮና ምክንያት አውሮፕላን ስላልነበረ መሄጃም የለም፤ እሳቸው ደግሞ ገና አልሰሙም። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ሊነግሯቸው ወንድማቸው ቤት ተሰብስበው እኔን «ምንም ሳይጠረጥሩ በመኪናህ አምጣቸው» አሉኝ።

መንገድ ላይ እትዬ ዘውዴ አተኩረው አዩኝና «ምነው ዛሬ ፊትህ ጠቆረ?» አሉኝ። ደንግጬ ከኪኩቦ ገበያ የገዛኋትን ትንሽ ማጫወቻ በገመድ ከመኪናው ቴፕ ጋር አገናኘሁና የጎንደር የሠርግ ዘፈን ለቀቅኩት። ፊታቸው በራ። «ከፍ አድርገው እንጂ! እናቴ ይህን ስትሰማ መች ትቀመጣለች!» ብለው ቀበቶ እንዳሰሩ እስክስታውን ያስነኩት ጀመር። እኔ ሞኙ፣ ተሳካልኝ ብዬ ጨመርኩበት።

እሳቸው እያጨበጨቡ ደጁ ጋ ደረስን። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል። የእትዬ ዘውዴ እጆች አየር ላይ ቀሩ። እኔ የማጥፊያው ቁልፍ ጠፍቶኝ ስደናበር ዘፈኑ እልልታው ላይ ደረሰ። እሳቸው ከማልቀሳቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«እያወቅህ ነው ያስጨፈርከኝ?»