መራራ አያስገድፍም ያልሁበት ፍልሰታ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆች፣ ሰው የሚፈራው ጅብንና የፎገራን ንዳድ ነበር እንጂ ስኳርን ማን ይፈራል? ስኳር ማለት አራስ ስትጠየቅ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሄድ ነገር ነው፣ ለልጅ ጣት አስልሰው የሚደብቁት። ታዲያ ያ የተከበረ ነገር ዞሮ ሰው ይበላል ብሎ ማን ጠረጠረ? እኔም አልጠረጠርሁ፣ የወንድሜ የይርጋ እግር እስኪቆረጥ ድረስ።

ይርጋ ታላቄ ነው። የፕላስቲክ ጫማ ተረከዙን ልጦት አንድ ወር ሙሉ አላወቀም፣ አንድ ወር! "አያምህም ወይ?" ስለው "ምኑ?" ይለኛል። ታዲያላችሁ ሽታው ነው የነገረን። ደብረ ታቦር ወሰድነው፣ በሁለት እግር ሄደ፣ በአንድ ተመለሰ። ከመኪና ስናወርደው ምን አለኝ መሰላችሁ? "ፈንታ፣ እግሬን የት አደረጉት? ቀበሩት ወይስ ጣሉት?" አለኝ። 

እና በዓመቱ እኔንም ውሃ ውሃ ሲለኝ፣ ሽንት ሲያመላልሰኝ ጊዜ ሐኪም ቤት ሄድሁ፣ "ስኳር አለብዎት" ተባልሁ። እዚያው ሐኪሟ ፊት ጫማዬን አወለቅሁ። "ምነው አባባ?" አለችኝ። "እግሬን እይልኝ፣ ደኅና ነው ወይ?" አልኋት። ሳቅ አለች። እኔ አልሳቅሁም። ልጅ ናት፣ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው የምትናገር። "ኪኒኑን ከምግብ ጋር ነው፣ ሳይበሉ እንዳይውጡት። በእግርዎ ይሂዱ፣ መራመድ መድኃኒት ነው። ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?" አለችኝ። "ምንም" አልሁ።

ዋሸሁ! ማርያምን ዋሸሁ! አብሽ ዘፍዝፌ በየማለዳው እጠጣ ነበር፣ ግራዋም ጨምቄ እጠጣ ነበር። አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆኖብኝ እኮ ነው! አንዱ ይመጣና "ጥቁር አዝሙድ በባዶ ሆድ" ይላል፣ አንዷ ትመጣና "ሽፈራው ነው የሚያድንህ" ትላለች፣ የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ስልኩን ይዞ "አያ ፈንታ፣ አብሽ በምርምር ተረጋገጠ ይላል" ይለኛል። "ማነው የሚል?" ስለው "ስልኩ" ይለኛል። እኔ ሁሉንም አመንሁ። የፈራ ሰው የማያምነው የለም። ከሐኪሟ የደበቅሁት ደግሞ ተው እንዳትለኝ ነው። ተው ካለችኝ እግሬን ማን ይጠብቅልኛል?

ታዲያ ፍልሰታ ገባ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ፍልሰታን ሳልጾም ቀርቼ አላውቅም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ኪኒኑንስ? አብሹንስ? አሰብሁ፣ አሰብሁ፣ አሰብሁና ራሴው ፈረድሁ። "የሚያስገድፍ የሚጣፍጥ ነው፣ መራራ አያስገድፍም" አልሁ። ማንን ጠይቄ? ማንንም! የንስሐ አባቴ ቤት ከአጥሬ ማዶ ነው፣ አልጠየቅሁም። ይቺ ጥሩወርቅ፣ ባለቤቴ፣ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አባን ጠይቅ" ስትለኝ፣ "አንቺ ዝም በይ፣ መራራ ነው!" አልኋት።

እና በገበያ ቀን ማልጄ ተነሣሁ፣ ኪኒኔን በአብሹ ዋጥሁ፣ ግራዋዬን ጨለጥሁ፣ የቀረውን አብሽ በኮዳ ያዝሁ። "በቅሎዋን ልጫንልህ?" አለችኝ ጥሩወርቅ። "አይሆንም፣ መራመድ መድኃኒት ነው ብላኛለች" አልሁ። አያችሁ? ከሐኪሟ ቃል የወደድሁትን አንዷን አንጠልጥዬ ወደ ገሳይ ገበያ ወረድሁ።

የነሐሴን ብርድ ጉና ላይ ታውቁታላችሁ፣ ጭጋጉ የገዛ እጅህን ይደብቅብሃል። ታዲያ በነሐሴ ጉና ላይ ያላበው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን አላበኝ! ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ ዱብ ዱብ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። "መጣ!" አልሁ፣ "የይርጋ ነገር መጣ፣ ስኳሩ ተነሣብኝ!" እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አብሹን ከኮዳው ጠጣሁ። እንቀጠቀጣለሁ፣ እጠጣለሁ። እጠጣለሁ፣ ይብስብኛል። በመንገዱ ዳር ያለው የድንች መደብ በጭጋጉ ውስጥ መቃብር መቃብር መሰለኝ፣ ትንንሽ መቃብር፣ የእግር መቃብር። ጮክ ብዬ "ይርጋ፣ ያንተ የቱ ነው?" አልሁ። ብቻዬን! ማንም የለም እኮ!

እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም፣ የሰይድ ሱቅ ደጃፍ ደረስሁ። ሰይድ የገሳይ ቅመም ነጋዴ ነው፣ እኩያዬ፣ አብሹን የምገዛው ከእሱ ነው፣ እሱም ስኳር አለበት።

"ፈንታ፣ ምን ሆነሃል? አመድ መስለሃል።"

"አብሽ ስጠኝ።"

"እህል ቀምሰሃል?"

"ጾም ነኝ። አብሽ ስጠኝ!"

"ኪኒኑንስ?"

"ውጫለሁ አልሁህ! አብሽ!"

ሰይድ ታዲያ አብሹን ትቶ ወደ ስኳሩ ጆንያ ዞረ። እፍኝ ሙሉ ዝቆ በብርጭቆ ውሃ በጠበጠና ወደ እኔ መጣ። ልጆች፣ ጅብ አፉን ከፍቶ ቢመጣ እንዲያ አልፈራም።

"ልትገድለኝ ነው?"

"ጠጣ! ስኳሩ አንሶህ ነው እንጂ በዝቶብህ አይደለም!"

"የሰው ያለህ! ሰይድ ስኳር ሊያጠጣኝ ነው!"

ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ "ሰክሯል" ይላል፣ አንዷ "ለክፎት ነው፣ ጠበል ውሰዱት" ትላለች። ሰይድ አገጬን ጭምቅ አድርጎ ይዞ "ባለፈው ረመዳን እኔም እንዲሁ ሆኜ ልጄ ናት ያተረፈችኝ፣ አፍህን ክፈት!" ይላል። እኔ ጥርሴን ነክሼ "ጾሜን ልታስገድፈኝ!" እላለሁ።

"ከሞትህ ማን ይጾምልሃል?" አለኝ።

ይቺን ስሰማ አፌ ተከፈተ። ጠጣሁ። ጠጣሁና በቃ አለቀልኝ ብዬ ቁጭ አልሁ፣ እግሮቼን አያለሁ፣ የትኛው ይሆን የሚሄደው እያልሁ። እና ትንሽ ቆየት ስል ላቡ ደረቀ። እጄ ረጋ። ሰዎቹ ሰው መሰሉኝ። ሰይድ ዳቦ በሻይ አበላኝና፣ ሱቁን ዘግቶ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ይዞኝ ሄደ።

ለሐኪሟ ሁሉን ነገርኋት፣ አብሹን፣ ግራዋውን፣ ጾሙን፣ ውሸቴን። ሰማችና "አባባ፣ ኪኒኑ ያወርዳል፣ መንገዱ ያወርዳል፣ ባዶ ሆድ ያወርዳል፣ አብሹም ሳያወርድ አይቀርም። ሁሉንም ባንድ ማለዳ" አለችኝ። "ታዲያ አብሹ ውሸት ነው ወይ?" አልኋት። "ውሸት አልልዎትም፣ ገና እየተጠና ነው። ስንት ቢጠጡት፣ ከየትኛው ኪኒን ጋር፣ ገና በቅጡ አይታወቅም። እኔ ደግሞ የደበቁኝን ነገር መመዘን አልችልም። እንዲያ ሲያልብዎትና ሲንቀጠቀጡ ቶሎ ጣፋጭ ይቅመሱ፣ ከዚያ ወደ እኔ" አለችኝ።

የንስሐ አባቴን ግን ከእሷም አብልጬ ፈራሁ። እግራቸው ላይ ወደቅሁና "አባ፣ ስኳር ጠጥቼ ገደፍሁ" አልሁ። ታሪኩን ሰሙና ምን አሉኝ? "በመራራው ስትገድፍ ሳትጠይቀኝ በጣፋጩ ነው የምትጠይቀኝ? በል፣ ኪኒንህን ከምግብህ ጋር በሰዓቱ ውሰድ። አንተ የምትጾመው ከውሸት ነው!"

እና ይኸው፣ ከረሜላ ከኪሴ አይለይም። ማታ ማታ ጥሩወርቅ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ታይልኛለች፣ እስክትጨርስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ዛሬም እፈራለሁ፣ አልዋሻችሁም። ግን የፈራ ሰው ቢደብቅ ፍርሃቱን ነው የሚቀልበው። ሐኪሟ "ሌላ የሚወስዱት አለ?" ስትለኝ አሁን ሁሉንም እዘረግፍላታለሁ።

"ሁሉንም?" አሉ እማማ ጥሩወርቅ ከጓዳ።

"ሁሉንም!"

"ከመደቡ ሥር ያለውን የመራራ ጠርሙስስ? ከትናንት ወዲያ ያመጣኸውን?"

ከበናቸው የምንሰማው ልጆች ሁላችንም ሳቅን። አያ ፈንታ አልሳቁም። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ከረሜላው መኖሩን ዳበሱ፣ ከዚያ እግራቸውን አዩ።

"ነገ እነግራታለሁ" አሉ።

"ነገ አይደለም" አሉ እማማ፣ ጠርሙሱንና ነጠላቸውን ይዘው እየወጡ። "ተነሥ፣ ሚኒባሱ ሳያልፈን።"