ቀይ የነበረችው ቀጠሮ

እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝማ… ይኑሩልኝ። ይቺ ጠርዝ ትበቃኛለች፣ ልጁን ጭኔ ላይ ነው የማደርገው። ለክትባቱ አሥራ ስምንት ቁጥር የያዙት እርስዎ ነዎት? እኔ አሥራ ሰባት ነኝ፤ እንግዲህ ጎረቤት ሆነናል። የልጅ ልጅዎ ናት? እንዴት ታምራለች! ዓይኗ ቁርጥ እርስዎን። የኔው ይኸው አምስት ወሩ ነው፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ እጁን ሊውጠው ደርሷል። ደግሞ ዛሬ ሙቀቱ! አግዳሚ ወንበሩ ራሱ ያላበው ይመስላል።

ምነው፣ አልሰሙኝም? ጆሮዎ ከበድ ይላል? አይዞዎት፣ ጮክ ብዬ ላጫውትዎት። መስኮቱ ቅርብ ነው፣ ሰው ይሰማል ብለው ደግሞ አይሥጉ። ሰው የሚፈራው ክፉ ሲናገር ነው። እኔ ሰው ላመሰግን ነው… ምስጋና ደግሞ ጮክ ሲሉት ነው የሚያምረው።

አንድ ሰው አሉ እማማ። ስማቸውን አልጠራም፣ የት እንደሚሠሩም አልናገርም፤ ሐሜት ይሆንብኛል። ከአንድ መስኮት ጀርባ ተቀምጠው የሰው ካርድ ላይ የሚጽፉ ሰው ናቸው እንበል። የቀለም ሰው! ሌላው ቀለም ቀመስ ሲባል እንዲያው በወሬ ነው፤ እኚህ ግን… እኚያ ማለቴ ነው… የምር ቀምሰዋል። የብዕሩን ክዳን ሲነክሱ ስለሚውሉ ከንፈራቸው ዳር አረንጓዴ ነው።

ጠረጴዛቸውን ቢያዩት! ሌላ ጸሐፊ አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል። እርሳቸው እስክሪብቶውን ለባለጉዳይ ፊርማ ብለው መስኮቱ ላይ በክር አስረውታል፣ እንደ ፍየል። ራሳቸው አይነኩትም። የሳቸው ብልቃጥ በብልቃጥ ነው። ስድስት ቆጥሬያለሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ሽቶ የሚሸጥበት መስኮት መስሎኝ ልመለስ ነበር። ብዕራቸውን ከብልቃጡ ይነክሩና ጭራውን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ቀለሙን ስርርር አድርጎ ይመጠዋል፣ ልክ ይሄ ልጅ ጡት ሲይዝ። ከዚያ አፉን በጥጥ ይጠርጉለታል፣ ጥጡን ያያሉ፣ ለጥጡ ይስቁለታል። የማን ጥጥ ነው ብዬ አልጠይቅም። ጥጥማ ለቁስል ነበር የሚመጣው… ግን ለሚወዱት ነገር ጥጥ ምን አላት?

ቀለም ስልዎት ደግሞ የለመድነው ቀለም እንዳይመስልዎት። አንዱ ሲጻፍ ሐምራዊ ነው፣ ወረቀቱን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ዝንብ ጀርባ ያብረቀርቃል። አንዱ ሲጻፍ ጭራሽ አይታይም፣ እርሳቸው ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ እየጠቆረ ይመጣል። አንዱ ውሃ ሲነካው ሮዝ ይሆናል። እሱን የሚሞክሩት በምራቅ ነው፣ ጣታቸውን ላስ አድርገው… በሰው ካርድ ላይ። እኛ ወረፋ ቆመን፣ ልጅ እያለቀሰ፣ እርሳቸው «ቆይ! ቆይ! ትድረቅ!» ይላሉ። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! ለቀለም እንዲህ የታገሡ ለሰው ቢሆንማ…

አንዱን ግንበኛ አውቀዋለሁ። ወገቡን አሞት ሐኪሙ የሦስት ቀን ዕረፍት አዘዘለት፣ እርሳቸው በአዲስ ቀለም ጽፈው ማኅተም አድርገው ሰጡት። በፀሐይ ወረቀቱን ይዞ አለቃው ዘንድ ሲደርስ ማኅተሙ ብቻ ቀርቷል። አለቃው «ባዶ ወረቀት ይዘህ ትመጣለህ?» ቢለው፣ «እኔ ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ቀለሙም ዕረፍት ወጣ» አለው አሉ። ይሄ ሙያ አይደለም እማማ? ታማሚው ሳያርፍ ጽሑፉ ሲያርፍ የት አይተዋል?

የኔን ደግሞ ልንገርዎት። እኔ ማንበብ ብዙም አልሆነልኝ። ፊደል ለይቻለሁ፣ ግን በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ አንድ መስመር እስክጨርስ ልጁ ያድጋል። መርፌ የምትወጋዋ ሲስተር ይህን አይታ፣ እግዜር ይስጣት፣ ብልሃት አስተማረችኝ። «የተሰጠው መርፌ በሰማያዊ ይጻፋል፣ የሚቀረው ቀጠሮ በቀይ ይጻፋል። ሰማያዊ አለቀ፣ ቀይ ቀረ። ቀይ ስታዪ ቀኑን ለሰው አስነብበሽ ነይ» አለችኝ። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ሰማያዊ አለቀ፣ ቀይ ቀረ። ልጁን በሱ ነበር እሹሩሩ የምለው።

ሁለተኛውን መርፌ ተወጋ። የሦስተኛው ቀጠሮ እንዲጻፍልኝ ካርዱን ወደዚያ መስኮት ወሰድኩ። ለካ በዚያን ቀን አዲስ ብልቃጥ ከፍተዋል! ደስታቸው፣ ሙሽራ እንዲህ ደስ አይለውም። በቀይ ጻፉልኝ፣ ቀይ ስልዎት ዓይን የሚወጋ ቀይ። «ይቺን ልብ ብለሽ ተከታተያት» አሉኝ። እኔ ቀጠሮዋን መስሎኝ! «እሺ ጌታዬ፣ እከታተላታለሁ» አልኩ። እንዴት ለልጄ ያሰቡ ሰው ናቸው ብዬ ቤት እስክደርስ ስመርቃቸው ሄድኩ። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ልብስ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

በሳምንቱ አውጥቼ ባይ… ሰማያዊ። ሰማይ ራሱ እንደዚያ አይሆንም። ገልብጬ አየሁት፣ በር ላይ ወጥቼ አየሁት። ሰማያዊ። ሰማያዊ ምን ነበር? አለቀ! ያልተወጋ መርፌ እንዴት አለቀ አልሽ ይሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄ ነበር። በኋላ ትዝ ሲለኝ ያን ቀን ሲስተሯ ሁለቱንም ጭኑን ነው የወጋችው፤ አንደኛው ጭን ሁለተኛው መርፌ፣ ሌላኛው ጭን ሦስተኛው ይሆናል አልኩ። የተማረ ሰው ሰማያዊ ካለ እኔ ማን ነኝ? አማቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷ ፊደል የሚባል አትለይም፣ ቀለም ግን ታያለች። «ጎሽ! ልጁ ተገላገለ» አለች። ተገላግለን ተቀመጥን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይላሉ፤ እኛ ደግሞ መርፌ ባልዋለበት ሰማያዊ ስንለቅም የቀጠሮው ቀን መጣ፣ ሄደ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት…

ደግነቱ ጭንቀታም ነኝ። ልጄ ሲያስነጥስ ካርዱን አወጣለሁ፣ ሲስቅ አወጣለሁ። ትናንት ልብስ አስጥቼ ስመለስ አውጥቼ፣ እንዲያው እጄ ሥራ ሲፈታ፣ ፊደሉን መቁጠር ጀመርኩ። «ቀ»… «ጠ»… «ሮ»። ቀጠሮ! እማማ! ሰማያዊው ቀጠሮ ነው! ለካ ፊደል ታማኝ ነው። «ቀ» ቢቀላም «ቀ» ነው፣ ሰማያዊ ቢሆንም «ቀ» ነው። የሚለዋወጠው… ሌላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልጁን አዝዬ እየሮጥኩ እዚያ መስኮት ደረስኩ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት እርሳቸው ካርዱን አዩና ዓይናቸው በራ። «ተለወጠ! ተለወጠ!» አሉ። ልጄን መስሎኝ «አዎ፣ ክብደትም ጨምሯል» አልኩ። ለካ ቀለሙን ነው። ወደ መብራቱ አስጠጉት፣ አሸተቱት፣ ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቀው በትንሽ ደብተር ጻፉ። በስንተኛው ቀን ሰማያዊ ሆነ ሲሉ፣ ልጁስ ደኅና ነው ይሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ሥራ የሚያከብር ሰው ወሬ አያበዛም።

ከዚያ ቀኑን አዩት። «ሦስት ሳምንት! ማንበብ አትችዪም እንዴ?» አሉኝ፣ ያ ሁሉ ወረፋ እየሰማ። እውነታቸውን ነው፣ አልችልም። ማንበብ የማይችል ሰው ቀለም አይቶ ይኖራል። ከአነጋገር ይፈረዳል ሲሉ ነበር የማውቀው፤ ከአቀላለም እንደሚፈረድ አሁን ተማርኩ። የተማረ ሰው ዘንድ የሄደ እኮ ባዶውን አይመለስም።

ከዚያ ካርዱ ዳር ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ምን ጻፉ ብዬ እዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩት፣ አሥራ ሦስት ፊደል ነው። «በእናት ቸልተኝነት ዘገየ።» እናቱ ማናት? እኔ ነኝ። «ቸልተኝነት» የሚለውን ሁለቴ ነው የቆጠርኩት፤ አንዷ ፊደል ሌላ ብትሆንልኝ ብዬ። አልሆነችም።

በምን የጻፉት ይመስልዎታል? በሐምራዊው? በሚያብረቀርቀው? ፀሐይ ሲያየው በሚጠፋው? ኧረ! በዚያ እንደ ፍየል በታሰረው እስክሪብቶ። በጥቁር። የልጄን መርፌ በሚለዋወጠው፣ የኔን ጥፋት በማይለቀው። ዕቃን ለየቦታው ማዋል ማለት ይሄ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ጣቴን ላስ አድርጌ ሞክሬዋለሁ። ንቅንቅ አላለም።

አባቴ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር፣ በሳቸው ዘመን ቀለም አንድ ዓይነት ነበር። ሲስተር በቃል የነገረችኝ ይኸው እንዳለ አለ፤ የተጻፈው ነው ያሳሳተኝ። ያቺ በጥቁር የተጻፈችው ግን ትወረሳለች። ልጄ ነው የሚወርሳት። ትምህርት ቤት ሲገባ ይሄንኑ ካርድ ይጠይቁታል። እሱ እንደኔ በጣቱ አይደለም፣ በዓይኑ ላጥ አድርጎ ነው የሚያነበው። «እማዬ፣ ቸልተኛ ነበርሽ እንዴ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? «አይ ልጄ፣ እናትህ ያየችው ቀይ ነበር» ልበለው?

የልጄ ጥያቄስ ገና ነው። አሁን አሥራ ሰባት ሲባል ካርዱን ለሲስተር ልሰጣት ነው። ያቺ መስመር ሳትሰረዝ እንዴት ብዬ ፊቷን አያለሁ? ያስተማረችኝን የረሳሁ ይመስላታል።

ምነው መስኮቱ ጋ ሳል በዛ? ብርድ ይሆናል፣ በዚህ ሙቀት። ዞረው አይዩ እማማ… የሸሚዛቸውን ኪስ ግን አዩት? የዚህኛውን ምስኪን ማለቴ ነው፣ እሳቸው በወሬያችን የሉበትም። ብዕር አፍስሶባቸዋል። ጠዋት ቀይ ነበር፣ የተወጉ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አሁን ወደ ሰማያዊ እየሄደ ነው። ሰማያዊ ምን ነበር? አለቀ። ሸሚዙ አለቀ ማለት ነው እንግዲህ። ፊታቸውም ቀልቷል… አያስቡ፣ እስኪደርቅ ነው።

እኔ ግን ያንን ሰው እወዳቸዋለሁ። ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይተውም። እስስትንስ ለምን ተለወጥሽ ብሎ የተቆጣት አለ? አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፤ እስስት ራሷ ትለወጣለች እንጂ የተቀመጠችበትን ግንድ «ቸልተኛ» አትለውም።

ወይ ጉድ! ተነሡ። ወደዚህ ነው… ጌታዬ፣ ምነው በደኅና? ለኔ ነው እጅዎን የዘረጉት? እኔ እኮ ለእማማ ስለ ሌላ ሰው ነው የማጫውታቸው። ካርዱን? ይኸው፣ ይውሰዱ፣ ይውሰዱ።

…አዩ እማማ? ብዕር አነሡ። የቱን ነው? ባለብልቃጡን! ወይኔ ልጄ! በሱ ሰርዘውት ነገ መሰረዣው ቢጠፋና ጽሑፉ ቢቀርስ!… ጮክ ብዬ ነው እንዴ ያልኩት? ይቅርታ፣ ለጆሮዎ ብዬ ነው። አስቀመጡት። ጎሽ። እስክሪብቶውን ሳቡ። ክሩ አጠረባቸው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚጽፉት። ጎንበስ ማለት እንዴት ያምርባቸዋል! አንድ ጊዜ ሰረዙ… ደገሙት። ከአጠገቡ ደግሞ አንድ ነገር ጻፉ።

እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ቆይ፣ በጣቴ ልየው። «ስ»… «ሕ»… «ተ»… «ት»። ስሕተት። የማን እንደሆነ አልጻፉም። ግድ የለም፣ ካርዱ ጠባብ ነው።

አሥራ ሰባት አሉ? እኔ ነኝ! ና ልጄ፣ ና፣ ሲስተር ጋ በኩራት ነው የምንገባው። እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ያሳድግልዎት። ለዚያ ላጫወትኩዎት ሰውም አሜን ይበሉልኝ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ብልቃጣቸው አይጉደል፣ ጣታቸው አይዛል። ያን ቀን ደግሞ፣ ሁላችንም በየተራችን ስንጠራ፣ ስማቸው በሕይወት መዝገብ ተጽፎ ይገኝላቸው… በዚያችው በሚወዷት ቀለም።